ጭቃ ላይ የተደረደረ ጡብ፦ የአምስተርዳም ጉዳይ

አምስተርዳም ውስጥ ቤት ቢያጋድል ማንም አይደነግጥም። አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ደግሞ ሳንቲም እንደጠፋበት ሰው ወደ መንገዱ አጎንብሷል። ሁሉም ተደጋግፈው ቆመዋል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። እኔ ደግሞ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር የማይለቀኝ ጥያቄ አለ፦ ይሄ ሁሉ ክብደት ምን ላይ ነው የተቀመጠው?

ጭቃ ላይ ነው። ከመንገዱ ሥር ያለው የበሰበሰ ሳርና ቅጠል የሞላበት ጥቁር አፈር፣ ከሱም ሥር ለስላሳ ሸክላ ነው። የሚታመን አሸዋ የሚገኘው ወደ 12 ሜትር ገደማ ከተወረደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጡብ መከመር እብደት ይመስላል። ከተማው ግን ይህን ሲያደርግ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየዘመኑም የጡቡን መልክ ቀያይሯል። ይህ ጽሑፍ የዚያ ታሪክ ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል፦ ስታይል የሚባለው ነገር በአርክቴክት ጣዕም ብቻ የሚመጣ ከመሰላችሁ አምስተርዳም ሐሳባችሁን ታስቀይራችኋለች። እዚህ የጡቡን መልክ የቀየሩት እሳት፣ ሊዝ፣ የግንበኛ እጥረትና የመሬቱ ልስላሴ ናቸው። አርክቴክቱ የሚመጣው ከነሱ ቀጥሎ ነው።

ጡብ ስል የሸክላ ጡብ ማለቴ ነው፤ በእሳት የተተኮሰው። ብሎኬት አይደለም። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ቃጠሎ

ከተማው መጀመሪያ የእንጨት ነበር። ለረግረግ መሬት የሚስማማውም እንጨት ነው፤ ቀላል ነው፣ መሬቱ ትንሽ ቢሰምጥ አብሮ ይተጣጠፋል። ችግሩ መቃጠሉ ነው። በ1421 ተቃጠለ። በ1452 ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ተቃጠለ፣ ከከተማው ሦስት አራተኛው ገደማ ወደመ። ከዚያ በኋላ ነው ጡብ የሀብታም ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ግዴታ እየሆነ የመጣው።

እየሆነ የመጣው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ ጡብ የሆኑት የጎን ግድግዳዎች ናቸው። እሳት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚሻገረው በዚያ በኩል ነውና። የቤቱ ፊት ግን ለረጅም ጊዜ እንጨት ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ በ1521 ከተማው በእንጨት መገንባትን ከለከለ። ዛሬ መሃል ከተማ ላይ የእንጨት ፊት ያላቸው የድሮ ቤቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ቤኻይንሆፍ በሚባለው ጸጥ ያለ ግቢ ውስጥ ቁጥር 34 ነው፤ የተሠራው በ1528 ገደማ ነው። አዎ፣ ከክልከላው በኋላ። ህግ የሚወጣበት ቀንና ህግ የሚከበርበት ቀን እዚያም አንድ አልነበረም ማለት ነው።

ለምን ጡብ? ለምን ድንጋይ አልሆነም? አገሩ ድንጋይ የለውማ። ሆላንድ የወንዞች መድረሻ ናት፤ ወንዝ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ይዞ የሚመጣው ደለል ነው። ሸክላው ወንዝ ዳር እንደልብ ይገኛል። ለምድጃው ማገዶ የሚሆነው ከረግረጉ በካሬ በካሬ ተቆርጦ የደረቀው ያው ጥቁር አፈር ነው። ማጓጓዣው ጀልባ ነው። ሁሉም ነገር ከደጃፍ የሚገኝ፣ ርካሽ። በየወንዙ የሚሠራው ጡብ መጠኑም ቀለሙም ይለያይ ነበር፤ የአይሰል ወንዝ ጡብ ትንሽና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የቫል ወንዝ ስም ደግሞ እስካሁን የጡብ መጠን መጠሪያ ነው፦ 21 በ10 በ5 ሴንቲሜትር ገደማ። አንዱ ወደ 2 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ እጅ ታነሳዋለህ፣ በሌላው እጅ ማንኪያውን ትይዛለህ። ግንበኛ ቀኑን ሙሉ ሳይደክመው እንዲደረድር የተመጠነ ነገር ነው።

ክብደቱን የት እናድርሰው?

አሁን ወደ ዋናው ችግር። እሳቱን ለማምለጥ ብለህ ከእንጨት ብዙ እጥፍ የሚከብድ ነገር አመጣህ። መሬቱ አይችለውም። መፍትሔው ረጃጅም ግንዶችን እያሾሉ ወደ ታች እየመቱ ማስገባት፣ አሸዋው ጋ ሲደርሱ ጫፋቸውን እኩል ቆርጦ እላያቸው ላይ መገንባት ሆነ። ግንዱ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት አይበሰብስም። ውሃው ዝቅ ብሎ አየር ካገኘው ግን ይበሰብሳል፤ ይህን ያዙልኝ፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በ1648 ተጀምሮ በ1665 የተጠናቀቀው የዳም አደባባይ ማዘጋጃ ቤት፣ ዛሬ ቤተ መንግሥት የሆነው፣ 13,659 ግንዶች ላይ ነው የቆመው። የሆላንድ ልጆች ቁጥሩን የሚይዙት የዓመቱን ቀናት 365ን ጽፈው ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 በመጨመር ነው። ህንፃው ከውጭ ሲታይ የድንጋይ ይመስላል። ድንጋዩ ግን ልብስ ነው፤ ውስጡ ጡብ ነው። ከጀርመን ድንበር አካባቢ በውድ የመጣ ድንጋይ ለታይታ፣ የአገር ጡብ ለሸክም። የከተማው የኩራት ህንፃ ገና ያኔ ጡቡን ያፍርበት ነበር ማለት ነው።

ተራ ቤት ግን ይህን ያህል ግንድ መግዛት አይችልም። ስለዚህ ብልሃት ተገኘ። የወለሉን ጭነት የሚሸከሙት ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ናቸው፤ አግዳሚ እንጨቶቹ ከጎን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። የፊቱ ግድግዳ ከራሱ በቀር ምንም አይሸከምም። ወለሎቹ ጋ በብረት ተያይዞ ቆሟል፤ የብረቱ ጫፍ ጌጥ መስሎ ከውጭ ይታያል። ምንም የማይሸከም ከሆነ ደግሞ ግማሹን መስኮት ብታደርገው ይቀላል፣ ብርሃንም ይገባል። እነዚያ የአምስተርዳም ረጃጅም መስኮቶች የመጡት እንዲህ ነው። ሰዉ ሆላንዶች የሚደብቁት ስለሌላቸው ነው መጋረጃ የማይዘጉት ይላል፤ ሊሆን ይችላል፣ መስኮቱን ያሰፋው ግን የመሬቱ ልስላሴ ነው።

ወደ ፊት ማጎንበሱስ? ሁሉም በመስመጥ የመጣ አይደለም። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ሆን ተብለው እንዲያዘነብሉ ነው የተሠሩት። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ዕቃ የሚገባው በመስኮት ነው፤ አናት ላይ መንጠቆ ያለው ግንድ ወጥቷል፣ በገመድ ይጎተታል። ግድግዳው ትንሽ ካጎነበሰ ቁም ሣጥኑ ሲወጣ መስታወቱን አይሰብርም። የዝናብ ውሃም ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል። ዛሬም ሶፋ በዚያ መንጠቆ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆመው ማየት ይችላሉ።

አንገትና ደወል

በ1613 ትልልቆቹ የቦይ ቀለበቶች መቆፈር ሲጀምሩ ከተማው በንግድ ገንዘብ ሰክሮ ነበር። ቦታው ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ተሸነሸነ። ፊትህ ጠባብ ከሆነ ጉራህን የምታሳይበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ አናት። ጣሪያው ሹል ስለሆነ ከፊት የሚሸፍነው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንብ አለ፤ የስታይሉ ታሪክ በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ተጻፈ።

መጀመሪያ የደረጃ ቅርፅ ነበር። ጡብ በጡብ ግራና ቀኝ እየተቀነሰ ወደ ላይ የሚወጣ፤ ለግንበኛ በጣም የሚመች ነው፣ ጡብ መቁረጥ ብዙም አያስፈልግም። ቀይ ጡብ መሃል ነጭ ድንጋይ በረድፍ ያስገቡበታል፤ እነሱ የስብ ድርድር ይሉታል፣ እኛ ብንሆን የጮማ ድርድር እንለው ነበር። የዚህ ዘመን ንጉሥ ሄንድሪክ ደ ኬይዘር ነው። በ1620 የተጀመረው የቬስተርኬርክ ቤተ ክርስቲያን የሱ ነው፣ ጡብና ድንጋዩ እንደ ሸማ ጥለት የተሰናሰሉበት።

ከ1640 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ደረጃው አረጀና የአንገት ቅርፅ መጣ፤ መሃሉ እንደ አንገት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ትከሻው ላይ የተቀረጸ ድንጋይ ይቀመጣል። ከ1660 በኋላ የደወል ቅርፅ። አንገቱ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ውድ ነው፤ ደወሉ ግን ጠርዙ ላይ ትንሽ ድንጋይ ብቻ ካገኘ በጡብ ይሠራል። ስለዚህ ባለ አንገቱ የሀብታም፣ ባለ ደወሉ የመካከለኛ ነጋዴ ሆነ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙው አናቱን ቀጥ ባለ አግድም ጠርዝ ሸፈነውና ጨዋታው አበቃ። ዛሬ በቦዩ ዳር ስትሄድ ዓመተ ምሕረት ማንበብ አያስፈልግህም፣ አናቱን ማየት በቂ ነው።

ግንበኞቹ ራሳቸው ጠንካራ ማኅበር ነበራቸው። በ1488 የከተማ በር ሆኖ የተሠራውና በኋላ የሚዛን ቤት የሆነው ቫኽ የሚባለው ግንብ ውስጥ የየሙያው ማኅበር ክፍል ነበረው። ሐኪሞቹም እዚያ ነበሩ፣ ሬምብራንት በ1632 አስከሬን ሲመረምሩ የሳላቸው። ግንበኞቹ ክፍል ውስጥ ግን ሥዕሉ ጡብ ነው። ለዋና ግንበኝነት የሚፈተነው ሰው ችሎታውን ያሳየበት የተጠማዘዘና የተፈለቀቀ የጡብ ሥራ እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ። ለእኔ ከከተማው ሙዚየሞች ሁሉ ይህች ክፍል ትበልጣለች። አጋነንኩ መሰለኝ፤ ይሁን።

ልስን የሌለው ግድግዳ

19ኛውን ክፍለ ዘመን በሩጫ እንለፈው። የከተማው ሕዝብ በሁለተኛው አጋማሽ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደ ፓይፕ የመሰሉ ሰፈሮች በትርፍ ፈላጊ ተቋራጮች ተሞሉ፤ ቀጭን ግድግዳ፣ ደካማ ጡብ፣ ጨለማ ክፍል። አንዳንዱ ገና ሳያልቅ ይፈርስ ነበር። በዚያው ዘመን ፒየር ካይፐርስ የሚባል አርክቴክት ሁለቱን ትልልቅ የጡብ ህንፃዎች ሰጠ፦ በ1885 የተከፈተውን ራይክስሙዚየምና በ1889 የተከፈተውን ባቡር ጣቢያ። ጣቢያው 8,687 ግንዶች ላይ ነው፣ ያውም በሰው እጅ በተሠሩ ደሴቶች ላይ። ካይፐርስ ካቶሊክ ስለነበር ፕሮቴስታንቱ ሙዚየሙን ገዳም አስመሰለው ብሎ አጉረመረመ።

ትልቁ መታጠፊያ ሄንድሪክ ፔትሩስ ቤርላኽ ነው። ከ1898 እስከ 1903 የሠራው የንግድ ልውውጥ አዳራሽ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ራቁት ጡብ ነው። ልስን የለም። ድንጋይ ያስገባው ጭነት የሚያርፍባቸው ነጥቦች ላይ ነው፣ እሱንም ከግድግዳው ሳያስወጣ እኩል አድርጎ ጠርቦታል። ጡብ እንደ ቤት ሠራተኛ ከጓሮ መቀመጡ ቀርቶ ሳሎን ገባ። ያን ጊዜ ብዙዎች አልወደዱትም፣ ሰነፍ ጨርሶ ያልለሰነው ይመስላል ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ግን ከዚያች ግድግዳ ነው የተነሳው።

መርከቧ

አሁን ቀስ እንበል። የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ነው።

በ1901 ሆላንድ የቤት ህግ አወጣች። ህጉ ሁለት ነገር አደረገ። ማዘጋጃ ቤቶች የቤት ደረጃ እንዲያወጡ አስገደደ፤ ለትርፍ ላልቆሙ የቤት ማኅበራት ደግሞ የመንግሥት ብድር ፈቀደ። አምስተርዳም ከዚህ ቀደም፣ በ1896፣ መሬቷን መሸጥ አቁማ በሊዝ መስጠት ጀምራለች። ሊዝ የሚለው ቃል ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚያ ግን ሊዙ ያልተጠበቀ ውጤት አመጣ፤ መሬቱ የከተማው ስለሆነ፣ ከተማው በግድግዳህ መልክ ላይ የመናገር መብት አለው። ይህችን ነጥብ ያዙ።

ከዚያ የሶሻሊስቱ ከንቲባ ረዳት ቪባውት መጣ። ስሙ ራሱ መፈክር ሆነለት፤ በደችኛ ማን ነው የሚገነባው ስትል ከስሙ ጋር ይገጥማል፦ ቪ ባውት? ቪባውት! የቤት ማኅበራቱ ደንበኞች፣ ከተማው ገንዘብ አፈላላጊ፣ አርክቴክቶቹ ደግሞ ገና ሠላሳዎቹን ያላለፉ ልጆች።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ሚሼል ደ ክለርክ ነው። በ1884 በአይሁዶች ሰፈር ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። ለአባቱ 25ኛ ልጅ ነው ይባላል። ከጓደኞቹ ፒት ክራመርና ዮሐን ፋን ደር ማይ ጋር መጀመሪያ ስማቸው የታወቀው በ1916 በተጠናቀቀው የመርከብ ድርጅቶች ቢሮ ነው። ያ ህንፃ ማዕበል፣ ዓሣ፣ መልሕቅ ተቀርጾበት በጡብ አሸብርቋል። ነገር ግን አጥንቱ አርማታ ነው። አያችሁ? የአምስተርዳም ትምህርት ቤት የሚባለው የጡብ እንቅስቃሴ መጀመሪያ ሥራው ላይ ጡቡ ምንም አይሸከምም፤ ልብስ ሆኖ ነው የቆመው። እንደ ማዘጋጃ ቤቱ ድንጋይ። የጡብ ዘመን የሚባለው የጀመረው ጡብ ከሸክም በተገላገለበት ቀን ነው፣ ይህ ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቀልድ ነው።

ደ ክለርክ ከዚያ ወደ ስፓርንዳመር ሰፈር ሄደ። ወደብና ሀዲድ አጠገብ ያለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ሦስት ብሎክ ሠራ። የመጀመሪያው ለግል ተቋራጭ ነበር፣ ሁለቱ ግን ለአይኽን ሃርድ ማኅበር፤ ትርጉሙ የራስ ምድጃ ማለት ነው። ሦስተኛው ከ1919 እስከ 1921 ተሠራ፤ ሰዉ መርከቧ ይላታል፣ ሄት ስኺፕ። ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ላይ 102 መኖሪያ፣ ፖስታ ቤትና መሰብሰቢያ ክፍል አለ። ቦታው ላይ ቀድሞ የነበረ ትምህርት ቤትም ነበር፤ ህንፃው እሱንም አቅፎት ነው የሄደው።

ግድግዳውን በቃል መግለጽ ከባድ ነው፣ ግን ልሞክር። ብርቱካናማ ጡብ ነው። እዚህ ጋ እንደ ተለመደው ተጋድሟል፣ ሦስት ሜትር ሄድ ስትል ቆሟል፣ ጥግ ላይ ስትደርስ ደግሞ እንደ ማዕበል ተጠማዝዟል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ክፍል ከግድግዳው ያብጣል። ፖስታ ቤቱ እንደ መርከብ አፍንጫ ወደ መንገዱ ሾሏል። በሌላኛው ጫፍ ትልቅ ሹል ግንብ አለ፤ ሥሩ ገብታችሁ ምን ይሠራል ብትሉ መልሱ ምንም ነው። ደወል የለውም፣ ውሃ የለውም፣ ሰው አይኖርበትም። ውበት ነው በቃ። በሠራተኛ ኪራይ ቤት ላይ፣ በመንግሥት ብድር፣ ጥቅም የሌለው ግንብ።

ገንዘብ አባከነ የሚሉ ነበሩ፣ አሁንም ቢሆን ክርክሩ ቀላል አይደለም። የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ጡብ ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ ነገር የሚሆን ዕቃ ነው። ያንኑ ጡብ ብታጋድመውም ብታቆመውም ዋጋው አንድ ነው፤ የሚጨመረው የግንበኛው ሰዓትና ችሎታ ነው። ደ ክለርክ እብነ በረድ አልጠየቀም። ከሠራተኛው ሰፈር ዕቃ፣ በሠራተኛው እጅ፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ነገር አወጣ። ተከራዮቹ ሲሞት በአደባባይ አመስግነውታል። የሞተው በ39ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ ኅዳር 1923 ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

የማልወደውም አለኝ። መስኮቶቹ ትንንሽና ከፋፋይ የበዛባቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከፍ ብለው የተቀመጡት ለውጭው ውበት እንጂ ለውስጡ ሰው አይደለም። ቡና አፍልታ መስኮት ላይ ተደግፋ ጎረቤት የምትጠራ እናት እዚህ ቤት ትቸገራለች።

ሽርጥ

የቤርላኽ የደቡብ ከተማ ማስፋፊያ ፕላን በ1917 ጸደቀ፣ ሙሉ ሰፈሮችም በዚሁ ስታይል መሠራት ጀመሩ። ክራመርና ደ ክለርክ ከ1920 እስከ 1923 የሠሩት ደ ዳኸራድ፣ ማለትም ንጋት፣ ከመርከቧ አይተናነስም። ክራመር በተጨማሪ ለከተማው ከ200 በላይ ድልድይ ነድፏል፤ ሳታውቁት ተሻግራችኋቸዋል።

ግን ከማኅበራቱ ሌላ የግል ተቋራጭም ነበር። ተቋራጩ መሬቱን በሊዝ ሲወስድ ከተማው የውበት ኮሚቴ አለውና ፊቱን አሳየኝ ይለዋል። ተቋራጩ ደግሞ የውስጡን ፕላን ከድሮ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፣ አርክቴክት የሚፈልገው ለፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አርክቴክቱ ቤቱን ሳያየው ፊቱን ይነድፋል። ሆላንዶች ለዚህ ስም አወጡለት፦ የሽርጥ አርክቴክቸር። ከፊት ሽርጥ ታስሮለት፣ ከኋላ ያው ተራ ቤት። በጓሮ በኩል ዞራችሁ ብታዩ ልዩነቱ ያስቃል፤ ፊቱ ማዕበል፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ርካሽ ጡብ። የሚገርመው ግን ሽርጡ ሠርቷል። ኮሚቴው ሙሉ መንገዱ አንድ ላይ እንዲናገር ስላስገደደ፣ ዛሬ በዚያ ሰፈር ስትሄዱ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሠራው ይመስላችኋል። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ክፍሉ የግል ነው፤ ኮሚቴው የያዘው የሕዝቡን በኩል ነበር።

ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ጡብም ግንበኛም ጠፋ፣ ዋጋው ናረ። ከተማው ከ1923 እስከ 1925 በምሥራቅ በኩል የአርማታ መንደር ሞከረ፤ በ10 የተለያዩ ዘዴዎች 900 ያህል ቤት። ቤቶንዶርፕ ይባላል፣ የኮንክሪት መንደር። ስሙን የምታውቁት በሌላ ነው፤ ዮሐን ክራይፍ ያደገው እዚያ ነው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ አርማታው አሸነፈ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቤይልመርሜር ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ግዙፍ ህንፃዎች እንደ ንብ ቀፎ ተዘረጉ። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሳይሞላ መፍረስ ጀመሩ፣ በምትካቸው ከመጡት ውስጥ ዝቅ ያሉ የጡብ ቤቶች ይገኙበታል።

ግድግዳ ማንበብ

ዛሬ በአዲሱ ወደብ ሰፈር የምታዩት ጡብ፣ ለምሳሌ በ1994 ያለቀው ጥቁሩ የፒሬየስ ህንፃ፣ ከሩቅ እንደ ምሽግ የከበደ ይመስላል። እውነቱን ለማወቅ ቀረብ በሉና ጡቡን ተመልከቱ። በድሮ ግድግዳ አንዱ ረድፍ ላይ ረጅሙ ጎን፣ በሚቀጥለው ላይ አጭሩ ጎን ይታያል፤ አጭሩ ጎን የሚታየው ጡቡ ወደ ውስጥ ስለገባ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው ማለት ነው። በአዲሶቹ በአብዛኛው ረጅሙ ጎን ብቻ ነው የሚታየው። የ10 ሴንቲሜትር ልብስ ነው፤ ከኋላው አየር፣ ከዚያ የሙቀት መከላከያ፣ ከዚያ የሚሸከመው አርማታ። ሌላ ምልክት፦ ከላይ እስከ ታች የምትወርድ ቀጥ ያለች ክፍተት። ቀጭኑ ጡብ በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይሰነጠቅ የተተወች ናት። የቫኽ ግንብ ላይ ይቺን ፈልጋችሁ አታገኟትም። መስኮቱ አናት ላይ ያለው ጡብ ያለ ቅስት፣ ያለ ድንጋይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቆመ ደግሞ ነገሩ አለቀ፣ ከኋላ ብረት ይዞታል።

የመጨረሻው ጫፍ ፔ ሴ ሆፍትስትራት የሚባለው የቅንጡ ሱቆች መንገድ ላይ ነው። ኤም ቪ አር ዲ ቪ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ በ2016 አንድ የድሮ ቤት ፊት በመስታወት ጡብ ገነባ። ከታች ሙሉ በሙሉ መስታወት፣ ወደ ላይ ስትሄድ ቀስ እያለ ሸክላ ይሆናል። ጡቦቹ ቬኒስ አካባቢ አንድ በአንድ ተቀርጸው መጡ፣ በሲሚንቶ ፋንታ በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚደርቅ ሙጫ ተያያዙ። ሙጫው ቀጭን ስለሆነ የግማሽ ሚሊሜትር ስህተት እንኳ አይፈቀድም። ሲሚንቶ ቢሆን ግንበኛው ጠማማ ጡብ ቢመጣለት በማንኪያ ያስተካክለው ነበር፣ እዚህ ግን ምሕረት የለም። የመጀመሪያውን ድርድር ውሃ ልክ ለመጠበቅ ምን ተጠቀሙ መሰላችሁ? ከሌዘሩ ጋር ወተት። ቅባቱ ያልወጣለት የሆላንድ ወተት፤ ውሃ ብርሃን ያሳልፋል፣ ወተት ግን ስለማያሳልፍ ለመለኪያው ጥሩ ገጽ ሆነላቸው።

ግንዶቹስ? ከሥር ያሉት ግንዶች አሁን ሒሳባቸውን እየጠየቁ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በወረደባቸው ቦታዎች ጫፋቸው አየር አግኝቶ በስብሷል፣ ቤት ገዢም ዛሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሠረቱ ነው። በቦዮቹ ዳር ያሉት የጡብ ግንቦችም በተመሳሳይ ግንድ ላይ ናቸው፤ ሲሠሩ የሚያልፍባቸው የፈረስ ጋሪ ነበር፣ ዛሬ የሲሚንቶ መኪና ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 ኽሪምቡርኽቫል ላይ አንደኛው ግንብ ከነመንገዱ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ከተማው ግንቦቹንና ድልድዮቹን ተራ በተራ እየከፈተ ይጠግናል፣ መሃል ከተማ ከባድ መኪና እንደልቡ አይገባም፣ ለጥገና የሚሆነው ጡብና አሸዋም ከፊሉ እንደ ድሮው በጀልባ መምጣት ጀምሯል።